የጠፋችው መተንፈሻ

አንድ ዘርጋው የሚባል ባለመኪና ነበር። ሰው ማመን የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» የምትለዋን ተረት ጠዋት ማታ ይደግማታል። ጎረቤቱ «እንደምን አደርክ?» ሲለው እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ያስባል።

ዘርጋው አንድ አሮጌ የመስክ መኪና አለው። የመኪናው የኋላ ጎማዎች በውስጥ በኩል በዘይት መራስ ጀመሩ። ለእሑድ ደግሞ ለልጁ ሚስት የሚጠይቁ አምስት ሽማግሌዎችን ጭኖ ወደ ቆላ ሊወርድ ቀጠሮ ይዟል። ያ ቁልቁለት ፍሬኑ ለማይዝ መኪና ምሕረት የለውም። ስለዚህ አርብ ጠዋት መኪናውን ወደ መካኒኩ ወደ ኑርዬ ወሰደው።

ኑርዬ ረጋ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ይህ ራሱ ዘርጋውን አላስደሰተውም። የሚለፈልፍ መካኒክ ያታልላል፤ ዝም የሚለው ደግሞ ምን እያሰበ እንደሆነ ማን ያውቃል? አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ የተፈታውን ዕቃ ሁሉ እንዳይቀየርበት በምስማር እየጫረ፣ ዓይኑን ከኑርዬ እጅ ላይ ሳይነቅል አረፈደ።

ኑርዬ ጎማዎቹን አወረደ፤ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ብረቶች፣ አክስሎቹን፣ ሳበ። ዘይቱን ይዘው የሚያስቀሩት ኦይል ሲሎች ደርቀው ተሰነጣጥቀው ነበርና በአዲስ ተካቸው። የላላውን ኩሽኔታም፣ ዘይት የጠጣውን የፍሬን ሸራም ቀይሮ ጎማዎቹን መልሶ ገጠመ። እስከዚህ ድረስ ዘርጋው ነቀፋ አላገኘም። ከዚያ ኑርዬ ከመኪናው ሥር ገብቶ አውራ ጣት የምታህል ብረት ፈታ። በቦታዋ ቡሎን ወተፈና ብረቷን ቱታው ኪስ ውስጥ ጣል አደረጋት።

«ያዝኩህ!» አለ ዘርጋው በሆዱ። አፉን ግን አልከፈተም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኑርዬ ቱታውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ወደ ጁምዓ ሶላት ሄደ። ዘርጋው ግራ ቀኙን አየ። ወደ ቱታው ተጠጋና ብረቷን አውጥቶ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ሌባ እይዛለሁ ብሎ የሰው ኪስ የበረበረው ማን እንደሆነ ልብ በሉልኝ። እሱ ግን ጭራሽ ጀግንነት መሰለው።

ኑርዬ ተመልሶ ኪሱን ዳሰሰ። ወለሉን ፈተሸ፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ።

«ጋሼ፣ አንዲት ትንሽ ብረት አላዩም? ላጥባት ፈትቼ ኪሴ ከትቻት ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ዘርጋው። እስከ የት እንደሚዋሽ ልየው ብሎ ነው።

«የአክስሉ መተንፈሻ ናት። ሲሎቹን የጨረሰቻቸው እሷ ናት፤ ጭቃ ደፍኗታል። አክስሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ካጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። መኪናው እዚህ ይደር፤ ነገ ሌላ ፈልጌ እገጥምልዎታለሁ።»

«እዚህ ይደር? ሲያድር ደግሞ ሞተሩ ይጠፋላ!»

«እሺ፣ ቡሎኑን እንኳ ልንቀለው። አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው የወተፍኩት። እንደተደፈነ አይነዳም።»

«ከእንግዲህ መኪናዬን እንዳትነካ!» ብሎ ዘርጋው አስነስቶ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኑርዬ ሌላ መተንፈሻ አፈላልጎ እቤቱ ድረስ መጣ። ዘርጋው በአጥሩ ቀዳዳ አየውና ሚስቱን «የለም በይው» አላት። ኑርዬም «እባክዎን፣ ቡሎኑ ሳይነቀል ቁልቁለቱን እንዳይወርዱ ይንገሩልኝ» ብሎ ተመለሰ። ሚስትየው መልእክቱን አደረሰች። «አየሽ፣ አሁን ደግሞ ሊያስፈራራኝ!» አለ ዘርጋው።

እሑድ ሽማግሌዎቹን ጭኖ ዳገቱን ለሁለት ሰዓት ወጣ። ቁልቁለቱ ሲጀምር የተቃጠለ ዘይት ሸተተው። ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማዎቹ እምቢ አሉ። አንደኛው ወገን ገደል ስለሆነ ባለ በሌለ ኃይሉ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ። መኪናው ዓለቱን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ሰው አልሞተም። ግን የሁሉም ታላቅ የሆኑት የአቶ ሙሔ ክንድ ተሰበረ።

ሽማግሌው ሲያቃስቱ ቆይተው በዘይት የታጠበውን ጎማ አዩ።

«ልጄ፣ የሠራልህ ሰው ምንም አላለህም?»

ዘርጋው እሳቸውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። አምስት አባቶችን ይዞ ገደል ሊገባ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሲደርስ ኑርዬ የወለሉን ጥራጊ በወንፊት እየነፋ ነበር። ዘርጋው ብረቷን ፊቱ አስቀመጠ።

«አልሀምዱሊላህ! የት ተገኘች?»

«ጁምዓ ስትሄድ ከኪስህ ወስጃት ነው። የሰረቅክ መስሎኝ።»

ኑርዬ ወንፊቱን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ የገዛ እጄን ስጠረጥር ነው የሰነበትኩት። የሰው ነፍስ ላጠፋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ‹ኪስህ የከተትከው ምንድን ነው?› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ዘርጋው ያን ጊዜ አለቀሰ። ኑርዬ ይቅር አለው፤ የአቶ ሙሔ ክንድ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

መጠርጠር ኃጢአት አይደለም፤ ገንፎ ውስጥ ስንጥር የሚገኝበት ቀን አለ። የሚያጠፋን ጥርጣሬን አፍኖ መያዝ ነው። ሳይጠየቅ የታፈነ ጥርጣሬ፣ መውጫ እንዳጣው አየር፣ ጥሩውን ሁሉ እየገፋ ያፈሰዋል። ጉዳቱም ከጠርጣሪው አልፎ አምኖት አብሮት ለተሳፈረው ይተርፋል። አንድ ጥያቄ ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

እናንተስ፣ በዝምታ ከጠረጠራችሁት ሰው ጋር ዛሬ ብትገናኙ፣ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?