ጎርሶ የተሰቀለው ጋያ

ሰው ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ ምሳሌ አይናገርም። እኛ ደጋ ላይ የሌላውን ውድቀት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሲያዩ የሚሏት አንዲት አባባል አለች፤ እሷን የወለዳት የኦልታዬ ጋያ ነው። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ግን ከነበሩት አስበልጬ አውቀዋለሁ።

ኦልታዬ የትንባሆ ማጨሻውን ጋያ የሚስበው እንደ ሰው አልነበረም። እሱ ማግ ሲያደርግ የጎረቤት ምድጃ ይጠፋል። በኋላ ሳሉ ባሰበትና ዳገቱን ወጥቶ ገብሱን ማረም አቃተው። አንድ ቀን ትንፋሹ መሀል ዳገት ላይ ቀጥ ሲልበት ሚስቱ ባሎቴ እንደ ሕፃን አዝላ አወረደችው። "በቃ፣ ተውኩ!" አለ እዚያው ጀርባዋ ላይ ሆኖ።

በዚያ መንደር መተው በአፍ ብቻ አይደለም። የተወ ሰው ጋያውን ሁሉም በሚያየው የደጁ ምሰሶ ላይ ይሰቅላል። ሕጉ አጭር ነው፦ ያወረደ በጉን አርዶ መንደሩን ያበላል። ሌላው ሰው ባዶ ጋያ ነበር የሚሰቅለው፤ ኦልታዬ ግን ትንባሆ ጠቅጥቆ ሰቀለው።

"ምነው ልጄ፣ ባዶውን ብትሰቅለው?" አሉት ሽማግሌው አባባ ካንቆ።

"አባባ፣ ባዶውንማ ማንም ያሸንፈዋል።"

በጉ አንድ ብቻ ነው፤ ባሎቴ በእጇ እያጎረሰች ያሳደገችው። መንደሩ ምራቁን ዋጠ። ከሁሉም የባሰበት ጎረቤቱ ሻግሬ ነበር። በማግስቱ የራሱን ጋያ ይዞ መጣና ጭሱን ኦልታዬ ፊት ላይ ለቀቀበት።

"ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ቅመስ። ለሳልህም መድኃኒት ነው።"

"ሳሌን ለኔ ተውልኝ፤ አንተ ጭስህን ዋጥ።"

"በጉ ግን ወፍሯል።"

"እየው፤ ማየት አይከለከልም።"

ሻግሬ ጠዋትም ማታም ይመጣል፤ ሌሎቹንም አስከተለ። ግቢው ከመጨሱ የተነሳ ዶሮዎቹ የመሸ መስሏቸው በቀትር ቆጥ ላይ ወጡ፤ በጉም እንደ ሽማግሌ ይስል ጀመር። ኦልታዬ ቃጫ ይገምዳል። ሲያምረው ገመዱን በጥርሱ ይነክሳል እንጂ ቀና ብሎ ምሰሶውን አያይም።

ክረምቱ ገባ። ጎርፉ መንገዱን ዘጋና ከቆላ ትንባሆ የሚያመጣው ነጋዴ ቀረ። ሻግሬ ኦልታዬን ሲፈትን ያለውን ሁሉ አጭሶ ጨርሷል፤ ሌሎቹም የደበቁትን አልሰጡትም። እንደ ልማዱ መጥቶ ባዶ ጋያውን አንኳኳ፣ አሸተተ፤ ከዚያ ዓይኑ ምሰሶው ላይ ተተከለ።

"ኦልታዬ፣ ያ ጋያ እኮ ሙሉ ነው።"

"ሙሉ ነው።"

"አንተ አትስበውም አይደል?"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

"ታዲያ ማንን ይጠብቃል?" አለና መንደሩ ሁሉ እያየው ተንጠራርቶ አወረደው። ፍም ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማግ አደረገ። ሳል እያንዘፈዘፈው ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየዋል።

"ምን ሆናችኋል?"

"ወረደ" አለ ኦልታዬ።

"እኔ መቼ ተውኩና! ሕጉ ለተወ ሰው ነው!"

አባባ ካንቆ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "ሕጉ ያወረደ ነው የሚለው። በግህን አምጣ።"

በዚያው ቀን የሻግሬ በግ ታረደ። ኦልታዬ ቆንጆውን ሙዳ መርጦ "ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ቅመስ፤ ለሳልህም መድኃኒት ነው" እያለ ሻግሬን ሲያጎርሰው፣ አባባ ካንቆ የጋጡትን አጥንት ወርውረው "የሰው በግ ያማረው፣ የራሱን አረደ" አሉ።