ትምህርቱን ወደ ቤት የላከው ልብስ ሰፊ

ትምህርቱ ሁሉ በስልክ ሊሰጥ ነው መባሉን የሰማ አንድ ወጣት አሠልጣኝ፣ በሙያ ማሠልጠኛው ውስጥ ያረጁትን መምህር «ታዲያ ከእንግዲህ እኔ ምን ልሠራ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። በአንዲት የገበያ ከተማ በሚገኝ ማሠልጠኛ ስፌት ያስተምራል። መናገር ይወዳል፤ ሲናገርም ያምርበታል። ጠዋት ጠመኔውን ይዞ ስለ ልኩ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ አንገቱ ሲያብራራ ሠልጣኞቹ ከብበውት ይስቃሉ። ገለጻው ሲያልቅ ግን ቀኑም አልቋል። የቀረውን ቤታችሁ ሞክሩት ብሎ ይሸኛቸዋል። ቤታቸው ደግሞ የስፌት መኪና የለም፤ ሲሳሳቱ የሚያርማቸውም የለም።

ከሠልጣኞቹ መካከል ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ የጉሊት ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ስትመጣ ሁልጊዜ ገለጻው ተጋምሶ ይጠብቃታል። ያልሰማችውን በግምት ትቆርጣለች። አንድ ቀን ለልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዝ የገዛችውን ጨርቅ አበላሸች። አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችውና «ጋሼ፣ ይህ ሙያ የኔ አይደለም መሰለኝ» አለችው። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እሱን የከበደው ይኸው ነው።

ማሠልጠኛው ገለጻችሁን በስልክ ቅረጹና ለሠልጣኞች ላኩ ሲል ቢከርምም፣ እሱ ሰው ፊቴ ሳይኖር ለማን እናገራለሁ ብሎ እምቢ ብሎ ነበር። አሁን ግን ሴትየዋን ትንሽ ታገሺኝ ብሎ ለመናት። በባዶው ክፍል ጨርቅ ዘርግቶ፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀረጸ። ቀልዱን እንደለመደው ጀመረና የሚስቅለት ስላልነበረ መሃል ላይ ተወው፤ ገለጻውን ግን ጨርሶ ለሁሉም ላከው።

ሠልጣኞቹ ገለጻውን ቤታቸው አይተው መጡ። ሴትየዋም ጉሊቷ ላይ ቁጭ ብላ ደጋግማ አይታዋለች፤ ሌላ ጨርቅም ይዛ መጥታለች። ማንም አልከበበውም። ሁሉም በየጠረጴዛው አጎንብሶ ይቆርጣል፤ የሚሰማው የመቀስና የመኪና ድምፅ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው በገዛ ክፍሉ እንግዳ የሆነ መሰለው። ያ ሁሉ ሳቅ ናፈቀው።

ድንገት የሴትየዋ መቀስ የብብቱ ዙሪያ ላይ፣ ጨርቁ ዞሮ በሚቆረጥበት መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መቆሙን አየ። ጠጋ ሲላት «የተናገርከውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ስደርስ ግን እጄ እምቢ ይለኛል» አለችው።

እጁን በእጇ ላይ አድርጎ መታጠፊያውን አብረው ጀመሩት። ያን ጊዜ የራሱ አስተማሪ ትዝ አሉት። እኚያ ሽማግሌ ብዙ አይናገሩም ነበር። በሱቃቸው በረንዳ ከመኪናቸው አጠገብ ያስቀምጡትና ሲሳሳት ያን ከባድ፣ ሞቃት እጃቸውን በእጁ ላይ ያደርጉ ነበር። ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የነገሩት ቃል ጠፍቶበታል፤ የእጃቸው ክብደት ግን አሁንም ከእጁ አልወረደም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«በርቺ፣ አሁን ብቻሽን» አለና እጁን አነሳ።

መቀሱ ዞረ። ትምህርት ሲከፈት ልጇ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ፤ ኮሌታው ትንሽ ጠመም ያለ ነበር። ልብስ ሰፊውን የጠዋቱ ሳቅ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ናፍቆታል። ወደዚያ ግን አልተመለሰም።

መምህሩ ወደ ወጣቱ ዞር አሉ። «ልጄ፣ ያ ልብስ ሰፊ አንተ ነህ። ስልኩ የሚወስድብህ ገለጻህን ነው። ገለጻ ብቻውን ሰው ቤት ይደርሳል። መታጠፊያው ላይ ደርሶ እጁ እምቢ ያለው ሠልጣኝ ግን መምጫው አንተው ዘንድ ነው። ማውራቱ ይናፍቅሃል፤ እኔንም ይናፍቀኛል። ቢሆንም ዝም ብለህ አጠገቡ ቁም፤ ጠዋቱ ሙሉ የእሱ ይሁን።»