ወይን አኮመጠጠች የተባለችው ሴት

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ላሟ ትተኛ፤ የዛሬው የወይን ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ግራዝማች ደርሰህ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። ከወንዝ አፋፍ ላይ ሰፊ የወይን ተክል ነበራቸው። ወይኑን የሚኮተኩቱት ሴቶች ነበሩ። ውሃ የሚያጠጡት ሴቶች ነበሩ። ዘለላውን ለቅመው፣ በቅርጫት ተሸክመው፣ እስከ ወይን ቤቱ ደጃፍ የሚያደርሱትም ሴቶች ነበሩ። ከደጃፉ ወዲያ ግን ሴት አታልፍም። ሴት ከገባች ወይን ጠጁ ይኮመጥጣል ይባል ነበር። ማን አለ? አይታወቅም። ብቻ ይባል ነበር።

ወይን ጠጁም ሴት ሳትገባበት በየዓመቱ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ የወይን ቤቱ ሹም አዛዥ ቢተው ይወጡና በደጅ ያለፈችውን ሴት ይፈልጋሉ። አትጠፋም። ሥራዋ እዚያ ነዋ።

ከሴቶቹ አንዷ አንጓች ትባላለች። ባሏ ሞቶባታል፤ ብርቄ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። አንጓች ከልጅነቷ ጀምራ ወይን ለቅማለች። ወይን ጠጅ ግን ቀምሳ አታውቅም።

አንድ ዓመት የአገር ገዥው ግብር ሊበሉ መጡና ከግራዝማች ወይን ጠጅ ቀመሱ። ቀመሱና ብርሌውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ከወንዝ ማዶ ያለው የእመት ሽቱ ወይን ጠጅ ግን እንዴት ያለ ነው!» ግራዝማች ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ከመንደሩ ሾላ ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። አዛዥ ቢተው ተነሥተው መሰከሩ፦

፦ አንጓች እንስራ ተሸክማ በደጁ ስታልፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

፦ ገብታለች ወይ?

፦ አልገባችም። ጥላዋ ግን ገብቷል።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥላ ከባድ ነገር ነው። አንጓች ከጎጆዋ ትነቀል፣ ከአገር ትውጣ ብለው ፈረዱ። አንጓች ልጇን እቅፍ አድርጋ ቆመች። ለግራዝማችም እንዲህ አለች፦

፦ ጌታዬ፣ ጥላዬ ይህን ያህል ጋን የሚያኮመጥጥ ከሆነ፣ እኔን ማባረር ኪሳራ አይሆንብዎትም?

ግራዝማች አሰቡ። እውነትም ኪሳራ ነው።

፦ እንግዲያው ወንዙን ተሻገሪና ከእመት ሽቱ ወይን ቤት ደጃፍ ቁሚ። የእሷ ከኮመጠጠ ምሬሻለሁ። እስክትመለሺ ልጅሽ እኔ ዘንድ ትቆያለች።

ብርቄ አለቀሰች። አንጓች ግን አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ወንዙን ተሻገረችና ከእመት ሽቱ ወይን ቤት ደጃፍ ቆመች። እመት ሽቱ አሮጊት ናቸው። ብቅ አሉና አዩዋት፦

፦ ምነው ልጄ፣ ምን ትሠሪያለሽ?

፦ ወይንዎን ላኮመጥጥ ተልኬ ነው፣ እመቤቴ።

፦ በምን?

፦ በመቆም።

፦ ቁርስ ቀምሰሻል?

፦ አልቀመስኩም።

፦ በባዶ ሆድማ አይሆንልሽም። ግቢ።

አንጓች ከበሩ መድረክ ላይ ስትደርስ እግሯ እምቢ አላት። እመት ሽቱ እጇን ይዘው አስገቧት። ውስጡን ብታይ ሴቶች ናቸው። አንዷ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሻለች። አንዷ በወይራ ታጥናለች። አንዷ ዘለላውን ትጨምቃለች፤ እየጨመቀች ስለ ባሏ ታማለች።

እንጀራ በልታ ስታበቃ ወይን ጠጅ ቀዱላት። ቀመሰችው። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

፦ መረረሽ እንዴ? አሉ እመት ሽቱ።

፦ አይ። ዕድሜ ልኬን የደከምኩት ለዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያም ተነሥታ ከሴቶቹ ጋር ጋን አጠበች። ስትጨርስ እመት ሽቱ አንድ ገንቦ ወይን ጠጅ ሞልተው ሰጧትና ወደ ልጇ ተመለሰች። ግራዝማች ከሾላው ሥር ሆነው ይጠብቋታል፤ አገሩም ተሰብስቧል።

፦ ቆምሽ?

፦ ቆምኩ። ገባሁም። ጋንም አጠብኩ። ይኸው ይቅመሱት።

ግራዝማች ቀመሱ። ደገሙ። ከዚያም ወደ አዛዥ ቢተው ዞሩ፦

፦ ቢተው፣ የእኛን ጋን የሚያጥበው ማነው?

፦ ጋን ማጠብ የሴት ሥራ ነው፣ ጌታዬ።

፦ ሴት ግን አትገባም።

፦ አትገባም።

፦ ታዲያ ማን ያጥበዋል?

፦ ማንም አያጥበውም።

፦ ከመቼ ጀምሮ?

፦ ከአያቴ ጀምሮ፣ ጌታዬ።

ሽማግሌዎቹ መከሩ። ወንድ ጋን ቢያጥብ ነውር ነው። ሴት ብትገባ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጋኑ ይውጣ፣ ሴቶቹ ውጭ ሆነው ይጠቡት አሉ። ጎረምሶች ገብተው ትልቁን ጋን ተሸከሙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጋኑ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ኮምጣጣው ሁሉ በሽማግሌዎቹ እግር ላይ ፈሰሰ።

ግራዝማች አንጓችን ወደ ጥግ ጠሯትና በሹክሹክታ፦

፦ በጓሮ በኩል ግቢና ሥሪ። ስሙ የቢተው ይሁን። ማንም አይወቅ።

አንጓች ጮክ ብላ መለሰች፦

፦ ጌታዬ፣ ሲፈረድብኝ በአደባባይ ነበር። በጓሮ አልገባም።

ልጇን አዘለች። ወደ ወንዙም መንገድ ጀመረች። ከዚያ ከለቃሚዎቹ አንዷ ቅርጫቷን አስቀመጠችና ተከተለቻት። ሌላዋም። ሌላዋም። ወይኑ ደግሞ በስሎ ተንዠርግጓል፤ ወፉም እያየ ነው።

ግራዝማች ወይኑን አዩ። ሴቶቹን አዩ። ኩራታቸውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ብርሌ የመዋጥ ያህል ነበር። በመጨረሻ ተነሥተው ጮኹ፦

፦ አንጓች! ወይኔን ያኮመጠጥሽው አንቺ አይደለሽም! ያኮመጠጥነው እኛ ነን! አገር ይስማ!

አንጓች ቆመች። ዞረች።

፦ የወይን ቤቱ ሹመትስ?

፦ ያንቺ ነው።

፦ በሩስ?

፦ በፊት ለፊት ግቢ።

ገባች። ሴቶቹም ገቡ። ብርቄም በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ገባች። የዚያን ቀን ከበሩ የወጣው ቆሻሻ ውሃ ወንዙን አጠቆረው ይላሉ።

አዛዥ ቢተው ግን አላመኑም። በርጩማቸውን ወይን ቤቱ ደጃፍ ላይ አኖሩና እስኪኮመጥጥ ይጠብቁ ጀመር። ጠዋት ይቀምሳሉ፣ ማታ ይቀምሳሉ። ሰው ሲያልፍ «አዛዥ፣ ኮመጠጠ ወይ?» ይላቸዋል። እሳቸውም አፋቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ገና ነው» ይላሉ። ዓመት አለፈ፤ «ገና ነው» አሉ። ብርቄ አድጋ ተዳረች፤ በሠርጓም ቀን ቀምሰው «ገና ነው» አሉ። ኋላም አርጅተው፣ አልጋ ይዘው ሲያጣጥሩ፣ ቄሱ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ የምትናዘዘው ነገር አለ?» ሲሏቸው፣ ብርሌውን አምጡልኝ ብለው በእጃቸው ጠቆሙ። አንጓች ራሷ ቀድታ አቀረበችላቸው። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

፦ ገና ነው፣ አሉና ሞቱ።

ተረቴን ከአፌ አንሡ፣ በምትኩ ዳቦ ቁረሱ። ትኩሱን ነው ያልኩት።