አያ ጅቦ እና የአህያ ማኅተም

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በየቤታቸው ፊልም ማየት በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ሴት ልጁን ሊድር አማቾቹን ከቆላ ጠራ። አማቾቹ ነገር ፈላጊዎች ናቸው፤ ጋብቻውን ለማፍረስ ሰበብ ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? የኛውም ጅቦ ጉራውን አልቻለም፤ የጉሬዛን አዲስ ፊልም የሥጋው ጮማ እንኳ ተለይቶ በሚታይበት ቴሌቪዥን እንደሚያሳያቸው አስቀድሞ ላከባቸው።

ጉሬዛ ያን ፊልም ለመሥራት ሁለት ክረምት ለፍታለች። ከዚያ በፊት የሠራችውን አንዱ ገልብጦ ለጫካው ሁሉ ስላዳረሰባት ጾሟን አድራ ነበር። ስለዚህ አዲሱን በኢንተርኔት ከመልቀቋ በፊት እሜት ኤሊን መርማሪ አድርጋ ሾመች። ኤሊ ቴሌቪዥኑን ሁሉ ትፈትናለች፤ አሳይቶ የሚያሳልፍ እንጂ ደብቆ የማይገለብጥ ሆኖ ካገኘችው ሆዱ ውስጥ የምስጢር ቁልፍ ታኖርለታለች፣ ለምልክት ያህልም ጀርባው ላይ ከቁርበት የተቆረጠ ማኅተም ትለጥፍለታለች። ቁልፍ በሌለው ቴሌቪዥን የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው።

የጅቦ ቴሌቪዥን ደግሞ ከቀበሮ የተገዛ፣ ያየውን ሁሉ የሚገለብጥ ሌባ ዕቃ ነበር። ኤሊ ዘንድ ቢወስደው እንደሚወድቅ ስላወቀ ቀበሮን አማከረ። ቀበሮም ምክር በባዶ ሆድ አይወጣም ብሎ በመጀመሪያ አንድ የፍየል ወርች ተቀበለ።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ምን ያስጨንቅዎታል? የአህያ ቴሌቪዥን ማኅተም አለው። ልጦ መለጠፍ ነው።»

ጅቦ አህያ ወንዝ እስክትወርድ አድፍጦ ማኅተሙን ላጠና ከራሱ ቴሌቪዥን ጀርባ ለጠፈው። ቁርበት ቁርበት ሸተተው፤ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ቻለ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለጅብ ይህ ትልቅ ጀግንነት ነው።

አማቾቹ መጥተው ተደረደሩ። ፊልሙ ሲጀምር ግን ከጭጋግ በቀር የሚታይ ነገር የለም። የሙሽራው አባት ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ የልጅቷም ነገር እንዲሁ እንዳይሆን» ብሎ ተነሣ።

ጅቦ አፈረ። ብልህ ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እሱ ግን ማኅተሙን ገንጥሎ በአፉ ያዘና አማቾቹን አስከትሎ ኤሊን ሊወቅስ ወደ ቤቷ ገሰገሰ።

«ማኅተምሽ አይሠራም» አላት ገና ከደጅ። «ከአህያ ቴሌቪዥን ላይ በገዛ ጥርሴ ልጬ ያመጣሁት ነው።»

አህያም ማኅተሟ መጥፋቱን ልትናገር መጥታ እዚያው ቆማለች። ኤሊ ምስሉ ጠፍቶባት እንደሆነ ጠየቀቻት። አህያ ፊልሙ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ እየታየ መሆኑን ነገረቻት።

«አያ ጅቦ፣ ማኅተሙ ምልክት ነው። ቁልፉ ያለው የሰጡትን በሚጠብቅ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ነው» አለች ኤሊ። «ለማንኛውም የእርስዎንም እመረምራለሁ። እስከዚያው የአህያን ማኅተም ይመልሱላት።»

ጅቦ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የሙሽራው አባት ጠጋ ብሎ አፉን አሸተተ፤ እሱም ጅብ ነውና ሽታው አልጠፋውም።

«መንገድ ላይ ተዋጠ» አለ ጅቦ በመጨረሻ።

ጋብቻው በዚያው ቀረ። ቀበሮም ወርቹን በልቶ ከጨረሰ ቆይቷል።

ከዚህ የምንማረው የታማኝን ማኅተም መስረቅ ቢቻልም ታማኝነቱን መስረቅ እንደማይቻል ነው።