የቀረ አድራሻ የለም

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሼህ ጀውሀር።

ሙሚና ከፊታቸው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በጤና ጣቢያው የመድኃኒት መጋዘን ብዙ ዓመት ኃላፊ ሆና ኖራ፣ አሁን ቦታዋን ከሌላ ከተማ ለመጣች ሴት እንድታስረክብ ታዝዛለች። «ሼሃችን» ነበር ያለቻቸው፣ «ክፉ አልሠራባትም፣ ስሟንም በክፉ አላነሳም። ዝም ብዬ ቁልፉን ሰጥቼ ብወጣ በምን እጠየቃለሁ?»

ሼሁ ትጠየቂያለሽም አትጠየቂምም አላሏት። አንድ ሰው ነበረ አሉና ቀጠሉ።

ይህ ሰው የአንድ ድርጅት ኢሜይል ጠባቂ ነበረ። ድርጅቱ ኦክስጅን በሲሊንደር እየሞላ በየአገሩ ላሉ ሆስፒታሎች ያከፋፍላል። ሆስፒታሎቹም «ይህን ያህል ላኩልን» የሚሉት በኢሜይል ነው። ሰውየው ሥራ ሲጀምር ሁሉም በየግል አድራሻው ነበር የሚጻጻፈው። አንዱ ሥራ ሲለቅ መልእክቱ ሁሉ አብሮት ይሄድና ድርጅቱ ባዶ እጁን ይቀራል። በድርጅቱ ስም አድራሻ ያወጣው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር መምህር፣ መልእክት እንዴት እንደሚላክና እንዴት እንደሚከፈት ያሳየውም እሱ ነው። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሁሉ ወደ እሱ በር ይሮጣል። እሱም እያጉረመረመ ይነሳል፤ ግን ማጉረምረሙን ይወደው ነበር።

ድርጅቱ እያደገ ሲሄድ ኢሜይሉ የተቀመጠበት የውጭ ኩባንያ ጠበበው። መልእክት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል። ስለዚህ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዛወር ተባለ። ሙሚና ሆይ፣ እኔ ይህን የማውቀው ሰዎች አስረድተውኝ ነው። የኢሜይል መልእክት ቤት አለው፤ የሚያርፈው በአንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መዛወር ማለት የከረመውን ሁሉ ገልብጦ መውሰድ፣ ከዚያም ለዓለም «ከዛሬ ጀምሮ የእኛን መልእክት እዚህኛው ቤት አድርሱ» ብሎ ማስታወቅ ነው። ላኪው የሚጽፈው አድራሻ አይለወጥም። የሚያርፍበት ቤት ግን ይለወጣል።

ሰውየው ይህ ሥራ የእሱ እንደሚሆን ለአፍታ አልተጠራጠረም። ሥራ አስኪያጁ ግን አንዲት ወጣት ባለሙያ ይዞ መጣ። ትርሲት ትባላለች። እንዲህ ያለውን ዝውውር በሌሎች ድርጅቶች ሠርታለች። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ሲያስተዋውቃት «ከዚህ ከአሮጌው ነገር የምታወጣን እሷ ናት» አለ። ሰውየው ከኋላ ቆሞ ሰማ። አሮጌው ነገር የተባለው እሱ ራሱ መሰለው።

መጀመሪያ ያንገበገበው ወንበሯ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ከገዛ ቢሮው ደህናውን ወንበር አንስቶ አመጣላት። እሱ ሲቀጠር የሰጡት ጀርባው የተሰበረ ነበር፤ ያንንም በሽቦ አስሮ ነው የተቀመጠበት። ቀጥሎ ሰዎች በሩን እያለፉ ወደ እሷ መሄድ ጀመሩ። ከእሷ ክፍል ሳቅ ሲሰማ መጻፉን ያቆምና ጆሮውን ይጥላል፤ በእሱ የሚስቁ ይመስለዋል። ለሠራተኛው የምትልከውን ማስታወቂያ እየደጋገመ ያነባል፤ የሚያነበው ስህተት ፍለጋ ነው። አንድ ቀን አንድ ፊደል ገድፋ አገኘና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ደስ ብሎት ዋለ። ማታ ሚስቱ እራት እያቀረበች «ዛሬም ስለ እሷ ነው?» ስትለው ደነገጠ። ስሟን ያነሳ አልመሰለውም ነበር።

ትርሲት ክፉ ብትሆንለት በቀለለው። እሷ ግን «ጋሼ» ትለዋለች። በስብሰባ ላይ «ይህን ጋሼ ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት» ትላለች። ያኔ ሰዎች ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱም በሰው ፊት ምጽዋት የተጣለለት ያህል አንገቱን ይሰብራል። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ «ማን ምስክር አደረጋት?» ይላል።

አሁን ስለ አንድ ሆስፒታል ልንገርሽ። ከሁሉም የራቀ የቆላ ሆስፒታል ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች የድርጅቱ የትዕዛዝ አድራሻ ረጅም ስለሆነባቸው ሲጽፉ እየተሳሳቱ ይቸገሩ ነበር። ሰውየው ያኔ አዘነላቸውና አጭር አድራሻ ሠራላቸው። አድራሻውን ከራሱ ሳጥን ጋር አያያዘው፤ የደረሰውም መልእክት ሳይነካ ወደ ሥርጭት ክፍል እንዲያልፍ አደረገ። ማንም አላዘዘውም፤ እሱም ለማንም አላወራም። መልእክት ሲገለበጥ ግን እንዲህ ያለው መተላለፊያ አብሮ አይሄድም። አዲስ ሆኖ በእጅ ካልተሠራ እዚያው አሮጌው ቤት ይቀራል። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ዝውውሩ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ትርሲት ወደ ክፍሉ መጣች።

«ጋሼ፣ ነገ ልናዛውር ነው። እኔ ማየት የምችለውን አይቻለሁ። ግን የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የማላውቀው ነገር ይኖራል። የቀረ አድራሻ አለ?»

የቆላው ሆስፒታል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አፉንም ከፍቶ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ሲያልፍ አያት፤ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ትርሲት፣ አንቺ ባትመጪልን ምን ይውጠን ነበር!» አለና እየሳቀ ሄደ። ለሰውየው እንዴት ዋልክ እንኳን አላለውም።

«የለም» አለ ሰውየው።

«ምንም?»

«የቀረ አድራሻ የለም።»

አመስግናው ወጣች።

እንግዲህ የሠራው ይኸው ነው። ምንም አልሰረዘም፣ ምንም አልሰበረም። በልቡ ያሰበው እንዲህ ነበር፤ ከሆስፒታሉ አንድ መልእክት ይጠፋል፣ ሰዎቹ ደውለው ይቆጣሉ፣ እሷ ግራ ትጋባለች፣ ሥራ አስኪያጁም በሩን አንኳኩቶ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ይለዋል። ሲሊንደሩ አልታየውም። የታየው እሷ አንገቷን ደፍታ ስትቆም ብቻ ነው።

ዝውውሩ ያለ እንከን አለቀ። ኬክ ተቆረሰ፤ ሠራተኛው አጨበጨበላት። እሱም አጨበጨበ።

በዚያ በቆላው አገር ኔትወርክ የሚገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ጉብታው ላይ ይወጣና ትዕዛዙን ልኮ ይወርዳል። «እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም» የሚለው መልስ ተመልሶ ሲመጣ ሠራተኛው ከጉብታው ወርዷል፤ ስልኩም ከኔትወርክ ወጥቷል። ሆስፒታሉ እንደ ወትሮው መኪና ጠበቀ። መኪናው ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ፤ ወደ እነሱ የሚዞርበት ምክንያት አልነበረውም።

አንድ ረፋድ ላይ አንድ አምቡላንስ ከድርጅቱ በር ደረሰ። ውስጡ የታጨቀው ባዶ ሲሊንደር ነበር። ሾፌሩ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወረደና ሥራ አስኪያጁን አስጠራ።

«ምን በደልናችሁ?» አለው። «ጻፍን፣ ጠበቅን፣ ዘጋችሁን። ሁለት ሕፃናት በአንድ ሲሊንደር እያፈራረቅን ነው ያደርነው። እሱም ከዛሬ ማታ አያልፍም።»

ወዛደሮቹ ሳይታዘዙ ሙሉውን ሲሊንደር እያነሱ መጫን ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ትርሲትን በሰው ሁሉ ፊት ጠራት።

«የእነዚህ ሰዎች መልእክት የት ገባ?»

ኮምፒውተሯን በረንዳው ላይ ከፍታ ፈለገች። ከዚያ ሾፌሩን «በየትኛው አድራሻ ነው የጻፋችሁት?» አለችው። ነገራት። ሰምታው የማታውቀው አድራሻ ነው። ቀና ብላ ሰውየውን አንድ ጊዜ አየችው። ጠይቄው ነበር ልትል ነው ብሎ ጠበቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ከማዛወራችን በፊት ለየሆስፒታሉ ደውዬ ማረጋገጥ ነበረብኝ።»

ሥራ አስኪያጁ የተናገራትን እዚህ አልደግመውም። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ሰውየው ሲመኘው የከረመው ነገር ልክ እንዳሰበው ሆኖ ከፊቱ ቆመ። ደስታው እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። ይልቁንም ሾፌሩ ጣልቃ ገባ።

«እህቴ፣ አትጨነቂ» አላት። «ያንን አድራሻ የሠራልን እዚህ ያለ ሰው ነው። ስሙን አላውቀውም፤ የእኛ ሰዎች ደግ ሰው ነው ይላሉ። እሱን ፈልጊው። እሱ ቢያውቅ ኖሮ ይህ አይደርስብንም ነበር።»

ሰውየው ከቆመበት ወደ ፊት ወጣ።

«ጠይቃኝ ነበር» አለ። «ትርሲት ጠይቃኝ ነበር። የቀረ አድራሻ የለም አልኳት። እያወቅሁ ነው የለም ያልኳት።»

ሾፌሩ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና የመኪናውን በር ሊዘጋ ሄደ።

ሕፃናቱ ተርፈዋል ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ተርፈዋል። ሰውየው ግን ያንን ሳያውቅ፣ ከቆላው ስልክ እስኪደወል ድረስ ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ ዋለ፤ ምሳም አልቀመሰም። በኋላ ትርሲትና እሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አድራሻውን በአዲሱ ቤት ሠሩት። ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ለምን?» አለችው።

«ሲያመሰግኑሽ መስማት አቃተኝ» አላት። ሌላ ምክንያት ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም።

እሷም «እኔ እዚህ ቤት ከሁሉም በላይ የማምነው እርስዎን ነበር» አለችው። ነበር ያለችው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ።

ከሥራ አላባረሩትም። ደሞዙንም አልነኩበትም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ነገር ተጠይቆ አለ ቢል የለም ቢል፣ ጠያቂው አመስግኖት ይወጣና ሌላ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። እሱም በሩን ከፍቶ ተቀምጦ ይህን ይሰማል።

ሼህ ጀውሀር እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ሙሚና ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው እጁን በማንም ላይ አላነሳም። ያቺን ልጅ ብቻ የሚጎዳ መስሎት ዝም አለ። ዝምታው ግን እሷ ዘንድ አልቆመም፤ አልፎ ሄዶ የማያውቃቸውን ሕፃናት ትንፋሽ ያዘ። አንቺም ያ ሰው ነሽ። የምታስረክቢው ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ሰጥተሽ በወጣሽ፣ እኔም አልይዝሽም ነበር። ግን በዚያ መጋዘን ውስጥ አንቺ ብቻ የምታውቂው ነገር አለ፤ እሱም የአዲሷ ሴት አይደለም፣ ያንቺም አይደለም፤ ልጁን ታቅፎ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ገንዘብ ነው። እሱን ይዘሽ ከወጣሽ ዝም አልኩ አትበዪ። ወሰድኩ በዪ። በምን እጠየቃለሁ ላልሽው፣ በእሱ ትጠየቂያለሽ። እንግዲህ ነገ መጥታ የቀረ ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቅሽ...»

«ትናንት ጠይቃኛለች» አለች ሙሚና።

«ምን አልሻት?» አሉ ሼሁ።

«የለም አልኳት» አለች ምንጣፉን እያየች። «መብራት ሄዶ ሲመጣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ በራሱ አይነሳም። ከጀርባው ያለችውን ማብሪያ በእጅ ካልነኳት ጠፍቶ ይቀራል። እሱን አልነገርኳትም።»

«ዛሬ መብራት ሄዷል?»

«ቅድም ሄዶ መጥቷል።»

ይህን ስትል ራሷን የሰማች መሰለች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች፤ ጫማዋን ግራና ቀኙን አሳስታ አጠለቀች፤ ከበሩ ሳትወጣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«እህቴ፣ ሙሚና ነኝ» አለች። «ትናንት ስትጠይቂኝ ዋሽቼሻለሁ። አሁን ወደ ክትባቱ ማቀዝቀዣ ሂጂልኝ። ስልኩን አትዝጊው፣ እየመጣሁ ነው፣ ማብሪያዋ የት እንዳለች እነግርሻለሁ።»