በጅብ በር ላይ የተነገረ አዋጅ

አንድ ጊዜ አንበሳ ወደ ወንዝ የሚወስድ ሰፊ መንገድ ማውጣት አማረውና የአህይት መስክ ላይ ዓይኑን ጣለ። አህይት ከዚያች መስክ ሌላ ምንም አልነበራትም፤ ከነውርንጭላዋ የምትኖረው በሷ ነው።

«በነጻማ አልወስድባትም» አለ አንበሳ። «ካሳዋ አሥር ጆንያ ገብስ ይሁን። ግን ማን ዘንድ ይቀመጥ?»

«አያ ጅቦ ዘንድ ነዋ!» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «ገብስ አይበላ፣ ምን ያሰጋል?»

«ደግ ብለሃል። በል ገብሱ እንደተቀመጠላት ለአህይት ንገራት። ቁፋሮው ከሠላሳ ቀን በኋላ ይጀመራል፤ እስከዚያ ካልወሰደች ግን ለልፋትህ አንተ ትወስደዋለህ።»

ቀበሮ ገብሱን በትኖ ዶሮ ሲያጠምድበት ታየው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጅብ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ «አህይት ሆይ፣ ካሳሽን መጥተሽ ውሰጂ!» ብሎ ጮኸና ወደ ቤቱ ሄደ። ወይ ጉድ! እስቲ አሁን የትኛዋ አህያ ናት በጅብ በር የምታልፈው?

ሠላሳው ቀን እንዳለፈ አህይት ስትነቃ ከርከሮዎች መስኳን ሲቆፍሩ አየች። ሕልም መሰላት።

«እንዴ! ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«መንገድ እየሠራን። ካሳሽን አልወሰድሽም እንዴ?»

«የምን ካሳ?»

«እኛ ምን እናውቃለን? ቆፍሩ ተባልን፣ ቆፈርን።»

የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ውርንጭላዋን አስከትላ አንበሳ ፊት ቀረበች። «ጌታዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው መስኬ የተወሰደብኝ? ይቺ ልጄ ምን ትብላ?» ብላ አለቀሰች።

አንበሳም ግራ ገባው። «አልነገርካትም?» አለው ቀበሮን።

«ኧረ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ! ካላመኑኝ አያ ጅቦ ይጠየቅ።»

ጅብ ተጠርቶ ሲመጣ አህይት አንበሳ ጀርባ ተሸሸገች።

«እውነቱን ነው!» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ከመጣች አንተ ብላት፣ ከቀረች ገብሱ የኔ ነው› ስላለኝ ሠላሳ ቀን ሙሉ በር በሩን ሳይ ከረምኩ። ለመሆኑ አሁን መጣች ነው የሚባለው ቀረች?»

ቀበሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። አንበሳም በራሱ አፈረ።

«የሰማው ጅብ ነው፤ መስኩ ግን የጅብ አይደለም» አለ። «ቁፋሮው ይቁም። ሠላሳው ቀን ከዛሬ ይቆጠራል። አንተ ቀበሮ፣ ገብሱን ተሸክመህ በሯ ድረስ ታደርስላታለህ።»

«አሥሩንም ጆንያ?»

«አሥሩንም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ካሳ አስቀምጫለሁ ማለት ብቻውን እንደማይበቃና ባለቤቱ ሊሰማው በማይችልበት ቦታ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ እንደሚቆጠር ነው።