የወይዘሮ ትጓደድ ሽጉጥ

አንድ አንዳርጌ የሚባል የቆዳ ነጋዴ ነበር። ሌላው ሰው ሀብት ሲያገኝ ቤት ይሠራል፣ ከብት ያረባል፤ እሱ ግን አሮጌ የጀርመን ሽጉጥ ይሰበስባል። ያገኘውን ሁሉ አይደለም። ፋብሪካው መጀመሪያ ያወጣቸውን፣ ጎናቸው ላይ የተመታው ቁጥር ትንሽ የሆነውን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የአንዳርጌ ደረት ይነፋል። ቤቱ እንግዳ ሲገባ ከምግቡ በፊት አጉሊ መነጽር ይቀርባል፤ ቁጥሩን አንብቦ "ጉድ ነው!" ያላለ እንግዳ ምሳው ይዘገይበታል።

አንድ ቀን፣ ራቅ ባለ ገጠር ወይዘሮ ትጓደድ በሚባሉ ባልቴት ቤት፣ ከእሱ ሽጉጦች ሁሉ ያነሰ ቁጥር ያለው እንደሚገኝ ሰማ። መልኩ ቁርጥ ያንኑ የሚመስል፣ ቁጥሩ ትልቅ በመሆኑ ግን የሚንቀውን አንድ ሽጉጥ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ሄደ።

ወይዘሮ ትጓደድ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሽጉጥ ከሣጥን አውጥተው አሳዩት። እንዲሸጡለት ቢለምን ቢለማመጥ እምቢ አሉ።

"የባሌ ደም ያለበት ነው ልጄ፤ ይሄ አይሸጥም" አሉት።

አንዳርጌ የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲያው ዝገቱን እንኳ ልጥረግልዎ አላቸው። እሳቸውም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ጦሙን አይሄድም ብለው እህል ሊያቀርቡለት ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሽጉጡ በጨርቁ ተጠቅልሎ ቦታው ላይ ነበር። የቀረበለትን በላ፤ መርቀው ሸኙት።

ቤቱ ደርሶ ለውጦ ያመጣውን ሽጉጥ ሲፈታታው ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም። ለምን እንደወለቀ ራሱን አልጠየቀም፤ ቁጥሩ ደህና ነበርና። እንዲያውም የማይሠራ ወስጄ የሚሠራ ተውኩላቸው፣ የተጠቀሙት እሳቸው ናቸው እያለ ልቡን አደላደለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያው አገር የመጡ አንድ አዛውንት እንግዳ ሆኑለት። እንደ ልማዱ ሽጉጡንና መነጽሩን ሰጣቸው። አዛውንቱ መሣሪያ ሲያዩ በአገራቸው የደረሰው ነገር ትዝ አላቸውና ማውራት ጀመሩ። ዘገየ የሚባል ሰው በጠብ የወይዘሮ ትጓደድን ባል ገድሎ ነበር። ሽማግሌዎች አስታረቁ፤ የገደለበትም ሽጉጥ መርፌው ወልቆ፣ ከቀረችው አንዲት ጥይት ጋር ለባልቴቷ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ በየሙት ዓመቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ይሰበሰባሉ። ወይዘሮ ትጓደድ ጥይቷን አጉርሰው በዘገየ ደረት ላይ ቃታ ይስባሉ፤ ቂሙ ቢኖር እንኳ መምቻ የለውም ለማለት ነው። ሽጉጡ ዝም ሲል "ምሬሃለሁ" ይላሉ፤ ከዚያም አብረው ማዕድ ይቆርሳሉ። ዘንድሮ ግን ሽጉጡ ጮኸ። እጃቸው በእርጅና ስለሚንቀጠቀጥ ጥይቱ ያገኘው ትከሻውን ነው።

"ሰውየው ተርፏል፤ በቁማቸው የሞቱት እሳቸው ናቸው" አሉ አዛውንቱ። "በስውር መርፌ አስገጠሙ ተብሎ ውሃ የሚቀዳላቸው እንኳ ጠፍቷል። የዘገየ ልጆችም መሣሪያ አንስተዋል።"

አንዳርጌ መነጽሩን መልሶ ተቀበላቸው። አዛውንቱ የያዙት ያው ሽጉጥ መሆኑን አላወቁም፤ እሱ ዝም ቢል የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝም ለማለትም ቃጥቶት ነበር። ነገር ግን በሴትዮዋ ቤት የበላው እህል ትዝ አለው፤ አፈረ፤ ቀና ብሎ እንግዳውን ማየት አቃተው።

በማግስቱ ሽጉጡን ይዞ ወደ ገጠሩ ወረደ። ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠው ሳለ ደረሰ። እንደ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ መሐል ገባና ሽጉጡን መሬት ላይ አኖረ። የሰረቅሁት እኔ ነኝ፣ በምትኩ የሚተኩሰውን ያስቀመጥሁትም እኔ ነኝ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለምን ብለህ ብለው ጠየቁት።

"ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ነው" አለ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሳቀ የለም፤ ቢስቁ በወደደ ነበር።

ዘገየ ትከሻው እንደታሰረ ተነሥቶ ወይዘሮ ትጓደድ እግር ላይ ወደቀ። "እመቴ፣ ያመመኝ ትከሻዬ አይደለም። ይህን ሁሉ ዓመት የማሩኝ ከአንገት በላይ መስሎኝ ነው" አላቸው።

እሳቸው አንስተው ሳሙት። ልጆቹም መሣሪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወይዘሮ ትጓደድ ወደ አንዳርጌ ዞሩ። ይሰድቡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ጓዳ የገባሁት እህል ላመጣልህ ነበር" አሉት።

አንዳርጌ ቤቱ ተመልሶ በመደርደሪያው ፊት ቆመ። የሁሉንም ሽጉጥ ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ከማን ቤት፣ ከየትኛው ሐዘን እንደወጡ ግን የአንዱንም አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእንግዳ መነጽር አቅርቦ አያውቅም።

የሰው ንብረት ስንመኝ ዋጋውን የምንለካው በራሳችን ሚዛን ነው። ለእኛ ጌጥ የሆነው ለባለቤቱ ዕርቅ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ጉድለት የመሰለን ደግሞ የሰው ሕይወት የቆመበት ሊሆን ይችላል። አንዳርጌ ስለ ወለቀው መርፌ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እርስዎስ፣ እህል ሊያቀርብልዎ ጓዳ ከገባ ሰው ቤት ምን ይዘው ወጥተዋል?